ሰኞ ዛንዚባር ልንበር ነው፣ የልጆቹ ቢጫ ካርድ የለም!

የሁለት እናት (ጅማ) — ዓርብ፣ ጥር 1 ቀን 2018፣ ማታ 2:30
እባካችሁ ቶሎ። ልጆቹን ይዘን ሰኞ ጥር 12 ታንዛኒያ፣ ዛንዚባር ደሴት እንሄዳለን። ትኬት ተቆርጧል፣ ሆቴል ተከፍሏል፣ ቪዛም ተገኝቷል። ዛሬ ቡና ላይ አንዷ ባልደረባዬ «የቢጫ ወባ ካርዳቸውስ?» አለችኝ። የምን ካርድ? እኔና ባለቤቴ የዛሬ 11 ዓመት ለሥራ ስንወጣ ተከትበናል፣ ቢጫዋ ደብተር አለችን። የልጆቹን ያሰበ የለም። ጤና ጣቢያ ግን አንድም ክትባት አላስቀረሁባቸውም። ያ አይበቃም? ትኬት የቆረጠልን ወኪል ስለዚህ ነገር ትንፍሽ አላለም።

የፈረንጅ አራዳ ልጅ
የናንተም አልፎበታል፣ 10 ዓመት ነው የሚያገለግለው። አራታችሁም እንደ አዲስ ተከተቡ።

ነርሷ
አላለፈበትም። የ10 ዓመቱ ነገር ድሮ ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ደንቡ ተቀይሯል፤ አንዴ የተከተበ፣ ከዚያ በፊት የተከተበም ቢሆን፣ ዕድሜ ልኩን ያገለግለዋል። የልጆቹ ዕድሜ ስንት ነው? መጨረሻ የተከተቡትስ መቼ?

ጡረተኛው
ልጄ፣ ቅር አይበልሽና እኛ ልጅ ስናሳድግ ደሴት የሚባል ነገር አምሮን አያውቅም። ጠዋት እዚሁ ጅማ ቦዬ ረግረግ ወርደን ጉማሬ አሳይተን፣ ሸንኮራ ገዝተን እንመለስ ነበር። አሁን ወላጅ ፎቶ ለማንሳት ሲል ሕፃን ይዞ ባሕር ያቋርጣል። ደሴት ካማራችሁ ጣና ላይ 37 ደሴት አለ። ካርድ የሚጠይቅ የለም።

አጂፕ ሰፈር
ጋሼ፣ የጣናው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አያስገባም። አባትና ወንድ ልጅ ደሴቱን ይጎብኙ፣ እሷ ጀልባው ላይ ትጠብቅ? 😂

መንገደኛ
ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል? አዲስ አበባ ላይ ካርዱን ማኅተም አድርገው የሚሰጡ ልጆች አሉ። ሳይወጉ።

ነርሷ
ይህን አትስሚ። ወረቀቱ ሐሰት መሆኑ ቢታወቅ ሁለት ሕፃን ይዘሽ ኤርፖርት ላይ ትቀሪያለሽ። ደግሞ ክትባቱ ለወግ አይደለም። በ2012 እዚሁ ጉራጌ ዞን ቢጫ ወባ ገብቶ ነበር፤ ወልቂጤን አልፈን ነው አዲስ አበባ የምንገባው። ታንዛኒያ ካርድ የምትጠይቀው ከኛ ዓይነት አገር የሚመጣ ሰው በሽታውን ይዞ እንዳይገባ ነው። 1 ዓመት የሞላው ሁሉ ይጠየቃል። ዕድሜያቸውን ንገሪኝ ብዬሽ ነበር።

የሁለት እናት
ይቅርታ፣ ትንሹ እያለቀሰ ነው። ትልቋ 4 ዓመቷ ነው። እሱ 1 ዓመት ከ3 ወር። የኩፍኝ ሁለተኛውን ታኅሣሥ 24 አስከትቤዋለሁ።

የፈረንጅ አራዳ ልጅ
በቃ ነገ ጠዋት ሁለቱንም አስከትቢ። ካርዱ የሚሠራው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ነገ ጥር 2፣ ሲደመር 10፣ ጥር 12። ለጥቂት ደረሳችሁ!

ነርሷ
ለትልቋ ልክ ነህ። ለትንሹ ግን አይሆንም። የኩፍኝም የቢጫ ወባም ክትባት ከተዳከመ ሕያው ቫይረስ የሚሠሩ ናቸው። ወይ በአንድ ቀን ይሰጣሉ፣ ወይ በመካከላቸው 4 ሳምንት ይጠበቃል። ከታኅሣሥ 24 ብትቆጥሪ ጥር 22 ነው። ከዚያ 10 ቀን ስትጨምሪ የካቲት 2። የሚከትበው ባለሙያ ካልጠየቀሽ አንቺው ንገሪው፣ የክትባት ካርዱንም አሳይው። አሁን መከተብ የማይችልበትን ምክንያት ሐኪም በጽሑፍ ሊሰጥሽ ይችላል። ወረቀቱን መቀበልና አለመቀበል ግን የታንዛኒያ ፈንታ ነው። እኔ በሱ ተማምኜ አልሄድም።

የፈረንጅ አራዳ ልጅ
እኔ አሁንም ነገ ጠዋት አስከትቢያቸው ነው የምለው።

አጂፕ ሰፈር
እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ዘንድሮ ጥምቀት ሰኞ ነው የሚውለው። ጥር 12 ማክሰኞ ነው። እህቴ፣ የምትበሩት ሰኞ ነው ወይስ ጥር 12?

የሁለት እናት
ባለቤቴ «ጥር 12፣ ሰኞ» ነው ያለኝ። ትኬቱ እሱ ስልክ ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ አጋሮ ነው ያለው። ቆይ ላክልኝ ልበለው።

ጡረተኛው
ታቦት ሳይገባ መነሳትስ ምን ይሉታል?

የሁለት እናት
ላከልኝ። «12 ጃንዋሪ» ነው የሚለው። ሰኞ። ጃንዋሪ ጥር አይደለም እንዴ?

አጂፕ ሰፈር
ጃንዋሪ 12 በኛ ጥር 4 ነው። የፊታችን ሰኞ! እንኳን 10 ቀን፣ ሦስት ቀን ነው የቀራችሁ። አንዱ ደግሞ ጅማ አዲስ አበባ መንገድ ላይ ያልቃል፤ 350 ኪሎ ሜትር፣ ከነጊቤ ጠመዝማዛው፣ ከነልጆቹ ትውከት።

መንገደኛ
ማኅተሙን ያልኳችሁ ለዚህ ነበር።

ሐጂ ቡና
ተይው እሱን። ዛሬ ማታ ለወኪሉ ደውይ፣ ነገ አትበይ። አውሮፕላኑ ሳይነሳ ቀን ማስቀየርና ሳይሄዱ መቅረት አንድ አይደለም። ቅጣት ትከፍሊ ይሆናል፣ ግን ዝም ብላችሁ ከቀራችሁ ሙሉውን ልታጡ ትችላላችሁ። ለሆቴሉም በጽሑፍ ላኪ።

ቀን ስትመርጪ የካቲት 2ን ብቻ አትዪ። ረመዳን ከየካቲት 11 አካባቢ ይገባል፣ ዛንዚባር ደግሞ ሕዝቡ ባመዛኙ ሙስሊም ነው። ቀን ላይ ምግብ ቤቱ ይዘጋል፣ መንገድ ላይ መብላትም ነውር ነው። ሆቴላችሁ ውስጥ ታገኛላችሁ፣ ግን በየሰዓቱ «ራበኝ» ለሚል ልጅ አይመችም። ከዚያ መጋቢት አጋማሽ ላይ ትልቁ ዝናብ ይጀምርና እስከ ግንቦት ይዘንባል። እኔ ብሆን ወደ ሰኔ መጨረሻ እወስደዋለሁ። እዚህ ጅማን ዝናብ ሲደበድባት እዚያ ደረቅ ነው። ትንሹም ገና 2 ዓመት አይሞላውም፣ ጭናችሁ ላይ በሕፃን ዋጋ ይሄዳል።

የሁለት እናት
ደውዬ ልምጣ።

የኪቶ ልጅ
እስክትመለስ፣ እኔ አምና ሁለት ልጅ ይዤ ሄጃለሁ። በምሥራቁ በኩል፣ ፓጄና ጃምቢያኒ፣ ውኃው ሲሸሽ ከዓይን ይርቃል። ለመዋኘት ሰዓት ጠብቆ መግባት ነው። ልጆች ግን ኩሬ ኩሬው ውስጥ ዓሣ ሲያባርሩ ይውላሉ። ቀኑን ሙሉ መዋኘት የፈለገ ሰሜን፣ ኑንግዊ ወይ ኬንድዋ ይሂድ። ድንጋዩ ላይ እንደ ጃርት እሾኽ ያለው ፍጥረት አለ፣ እግር ይወጋል። እኔ ከመርካቶ ኮንጎ ጫማ ገዝቼ ነው የሄድኩት። ፈረንጆቹ ከየት ገዛሽው እያሉ ይጠይቁኝ ነበር።

የደሴቷ መግቢያ መድን አዋቂ ሰው 44 ዶላር ነው፣ በኢንተርኔት አስቀድማችሁ ክፈሉ። ሌላው ፌስታል ነው። ታንዛኒያ ፌስታል ከ2019 ጀምሮ ክልክል ነው፣ የነሱን አቆጣጠር ነው የምላችሁ። እኔ ዳይፐሩን በፌስታል፣ እርጥቡን ልብስ በፌስታል፣ ጫማውን በፌስታል፣ ቅያሪውን በፌስታል አድርጌ ነበር። ኤርፖርት ላይ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ፈታሁት። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።

ጡረተኛው
ቦዬ በፌስታል ያስገባል።

አጂፕ ሰፈር
😂😂 ጋሼ አሸነፉ።

የፈረንጅ አራዳ ልጅ
አስከተበቻቸው?

አዲስ አባል
ሰላም፣ እኔም በሰኔ ከልጆች ጋር ላስብ ነው። በሶ ይዞ መግባት ይቻላል? ልጄ ሌላ ነገር አይበላም።

የኪቶ ልጅ
እኔ በቆርቆሮ ይዤ ገብቻለሁ፣ ማንም አልጠየቀኝም። በፌስታል ግን እንዳታደርጊው።

ሐጂ ቡና
የሁለት እናት፣ ወኪሉ ምን አለሽ?

ነርሷ (እሑድ ማታ)
እኔም እየጠበቅኩ ነው።