በራቭ ፎር ሃይብሪድ ትንሽ ካምፐር መጎተት ይቻላል?

የአውሮራው አባት

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። መኪናዬ የ2021 ቶዮታ ራቭ ፎር ሃይብሪድ (በቤንዚንም በባትሪም የምትሄደዋ) ነች። ከሰው እጅ የሚሸጥ ባለ 16 ጫማ ካምፐር (መኪና የሚጎትተው መኝታ ያለው ተሳቢ) አግኝተናል፤ ልጆቹ ውስጡን አይተው ከወጡ ወዲህ ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። ሻጩ «ባዶ ክብደቱ 1,640 ፓውንድ ነው፣ ያንተ መኪና 1,750 ትጎትታለች፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?» ይለኛል። የመኪናዋን መጽሐፍ ገልጬ አየሁ፣ እውነትም 1,750 ነው የሚለው።

እኛ አምስት ነን፣ እኔና ባለቤቴ ከሦስት ልጆች ጋር። ሐሳባችን በሰመር ግሬት ሳንድ ዱንስ መሄድ፣ ሲመቸን ደግሞ በአይ 70 አውራ ጎዳና ተራራውን አቋርጠን እስከ ግሌንውድ ስፕሪንግስ መዝለቅ ነው። ጓደኞቼ ግማሾቹ «ፒክአፕ ካልገዛህ አርፈህ ተቀመጥ» ይላሉ፣ ግማሾቹ «ሰው በሴዳን ይጎትት የለ እንዴ፣ ምን ያካብድሃል» ይላሉ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ካለ እስኪ ቁርጡን ንገሩኝ። ዋጋው ጥሩ ስለሆነ ቶሎ መወሰን አለብኝ።

ባለ 18 ጎማው

ወንድሜ፣ 1,640 የፋብሪካ ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ነው። በዚያ ክብደት መንገድ የሚወጣ ካምፐር የለም።

አብረን እንደምር። አንድ ጋሎን ውኃ 8.3 ፓውንድ ይመዝናል፤ 20 ጋሎን የሚይዝ ታንከር ከሞላህ ወደ 166 ፓውንድ ነው። 20 ፓውንድ የሚባለው የጋዝ ሲሊንደር ራሱ ብረቱ ስላለ ሲሞላ 37 አካባቢ ይገባል። ባትሪው 50 ምናምን። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ወንበር፣ ድስት፣ ምግብ፣ የልጆች ብስክሌት፣ እንደኛ ሰው ከሆናችሁ ደግሞ የቡና ዕቃው ከነረከቦቱ፣ ይሄ ሁሉ በትንሹ 250 ነው። ደምረው፣ 2,100 አልፈሃል። ኤሲ ወይም የጎን ድንኳን በኋላ የተጨመረበት ከሆነ ደግሞ ያ ወረቀቱ ላይ የለም። ባዶውን እርሳው። ካምፐሩ ላይ፣ ከፊት በግራ በኩል የተለጠፈውን ስቲከር ሄደህ አንብብና ከነጭነቱ የሚፈቀድለት ከፍተኛ ክብደት ስንት እንደሆነ እይ።

ሌላው መንገዱ ነው። አይ 70 ላይ ያለው አይዘንሃወር ተነል (ዋሻው) 11,158 ጫማ ከፍታ ላይ ነው ያለው። ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፣ ስለዚህ እዚያ ስትደርስ ከባሕር ጠለል ጉልበቱ ሲሶው አብሮህ የለም። ሃይብሪድ ስለሆነች የባትሪው ሞተር ያግዛታል፣ ግን ረጅም ዳገት ላይ ባትሪው ይሟጠጣል። ይሄም ቢሆን ቢበዛ በቀኝ መስመር ትጎተታለህ፣ ሰው ክላክስ ያደርግብሃል፣ አለቀ። የሚያሰጋኝ መውረዱ ነው። ከተነሉ ወደ ሲልቨርቶርን 7 በመቶ ቁልቁለት ነው፣ ፍሬን ለበጠሰ ከባድ መኪና ሁለት ማምለጫ መንገድ የተሠራው ወደው አይደለም። ዓባይ በረሃን በተሳቢ የወረደ ሰው የምለው ይገባዋል። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ቀንስ፣ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ አድርገው እንጂ እግርህን አትጣድበት፣ ይግላል፣ ከጋለ በኋላ ብትረግጠው የሚይዝልህ ነገር የለም።

ከፍራንክፈርት

አሜሪካኖች ታካብዳላችሁ 😄 እዚህ ጀርመን ያው ራቭ ፎር ሃይብሪድ፣ በአራቱም ጎማ የምትነዳዋ፣ 1,650 ኪሎ እንድትጎትት ተፈቅዶላታል። በእናንተ ፓውንድ ከ3,600 በላይ ማለት ነው። ኔዘርላንዶች በሰመር በትናንሽ መኪና ካራቫን እየጎተቱ አልፕስን ይሻገራሉ። መኪናዋ ውቅያኖስ ስትሻገር ደከመች?

መካኒኩ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ጥያቄው ጥሩ ነው፣ መልስ ግን አለው። እናንተ ጋ ካራቫን የሚጎትት መኪና በ80 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው፣ ልዩ ፈቃድ ያለው በ100። እዚህ አይ 25 ላይ ሰው ካምፐር አስሮ በሰዓት 75 ማይል ይበራል፣ ያ 120 ኪሎ ሜትር ነው። ተሳቢ መወዛወዝ የሚጀምረው ከፍጥነት ጋር ነው።

እንዲወዛወዝ የሚያደርገው ሌላው ነገር የክብደቱ አቀማመጥ ነው። ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው ጋንቾው (ተሳቢው መኪናው ላይ የሚታሰርበት) ላይ እንዲያርፍ ነው እዚህ የሚመከረው። ከዚያ ካነሰ፣ ለምሳሌ ከባዱን ዕቃ ሁሉ ከካምፐሩ ኋላ ከጫንከው፣ ከፍ ባለ ፍጥነት ወይም ከባድ መኪና በጎን ሲያልፍህ ተሳቢው ጭራውን መቁላት ይጀምራል፣ ከባሰ መኪናውን ይዞት ይዞራል። አውሮፓ ጋንቾው ላይ የሚፈቀደው ክብደት በጣም ያነሰ ነው፣ የሚያስኬደው ፍጥነቱ ስለተገደበ ነው። በነሱ ቁጥር በኛ ፍጥነት ልንዳ ማለት አይሰራም። ለማንኛውም አሜሪካ ለተሸጠ መኪና የሚሠራው አሜሪካ የታተመው መጽሐፍ ነው።

ድንገት መወዛወዝ ከጀመረ የመኪናውን ፍሬን በኃይል አትርገጥ፣ መሪውንም ወዲያ ወዲህ አታድርገው። እግርህን ከነዳጁ ላይ አንሳና መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ። የተሳቢው ፍሬን ለብቻው በእጅ የሚያዝ ከሆነ እሱን ብቻ ቀስ አድርገህ ንካው፣ ወደ ኋላ ስቦ ያስተካክለዋል።

በነገራችን ላይ ሂች (መኪናው ኋላ የሚገጠመውን የመጎተቻ ብረት) የሚሸጡ ሰዎች «ይሄ 3,500 ይይዛል» ሲሉ ስለ ብረቱ ነው የሚያወሩት። ትልቅ ሂች ስለገጠምክ የመኪናው አቅም በአንድ ፓውንድ አይጨምርም። ሱቄ መጥተው በዚህ የሚከራከሩኝ ብዙ ናቸው።

ሚሚ

ድንኳን ግዙና ገላግሉን 😂

የአውሮራው አባት

ሚሚ፣ ባለቤቴ መሬት ላይ አልተኛም ብላለች፣ ያ በር ተዘግቷል።

ዛሬ ሄጄ ስቲከሩን አነበብኩ፣ ከነጭነቱ 2,900 ይላል። የራቭ ፎር ነገር ያበቃ መሰለኝ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ባለቤቴ የምትነዳው የ2022 ቶዮታ ሲየና ነው። ሚኒቫን ስለሆነ አስቤውም አላውቅ። እሱስ?

መካኒኩ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ይሄን ከመጀመሪያው አትናገርም እንዴ! የዚያ ዘመን ሲየና 3,500 ፓውንድ ትጎትታለች። ሰው ሚኒቫንን ይንቃል እንጂ ረጅምና ዝቅ ያለች ስለሆነች ተሳቢ ከኋላ ሲታሰር ከአጭር ኤስዩቪ ይልቅ የተረጋጋች ናት። ጉልበቷ ግን ያው ነው፣ ዳገቱ ላይ ተርታውን ይዘህ ነው የምትሄደው።

ቀጥሎ የሹፌሩን በር ክፈትና «የሰውና የጭነት ጠቅላላ ክብደት ከዚህ አይበልጥ» የሚለውን ቢጫና ነጭ ስቲከር እይ። ሰው የሚረሳው እዚህ ጋ ነው፣ ጋንቾው ላይ የሚያርፈው ክብደት ከዚያ ቁጥር ላይ ይቀነሳል። ካምፐሩ ተጭኖ 2,300 ከመጣ 13 በመቶው 300 ፓውንድ ነው። አምስታችሁ 600 ብትመዝኑ 900 ሆነ፣ ሻንጣና የጣሪያ ሳጥን ሳይጨመር። ስቲከሩ ላይ ካለው የተረፈህ ያ ነው የዕቃ ቦታህ።

ካምፐሩ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው የግድ ነው። ኮሎራዶን ጨምሮ ብዙ ስቴቶች ከ3,000 ፓውንድ ጀምሮ ነው የሚያስገድዱት፣ ካሊፎርኒያ ከ1,500፣ የመኪና አምራቾች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዚያም ባነሰ ክብደት ይጠይቃሉ። ሕጉን ተወውና ቁልቁለቱን አስብ። ባለ 4 ሽቦው ሶኬት መብራት ብቻ ነው የሚያበራው፣ ለኤሌክትሪክ ፍሬን ባለ 7 ሶኬትና ሹፌሩ አጠገብ የሚገጠም የፍሬን መቆጣጠሪያ ያስፈልግሃል። ሲየናዋም ሃይብሪድ ናት፣ ሃይብሪድ ላይ ሽቦ መጎርጎር ደስ አይልም፣ ለመኪናው የተሠራውን ገመድ ግዛ።

ከመክፈልህ በፊት የጎማውን ዕድሜ እይ። ጎኑ ላይ ካሉት አራት አኃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ የፈረንጅ ዓመቱን ይናገራሉ፣ 2317 ካለ በ2017 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የካምፐር ጎማ ቆሞ ነው የሚያረጀው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ስድስት ሰባት ዓመት ካለፈው ቀይረውና ከዋጋው አስቀንስ። ኩሽኔታውንም አስፈትተህ ግራሶ አስደርግ፣ ለሻጩ ቃል አትተወው።

ባለ 18 ጎማው

መካኒኩ ጨርሶታል። እኔ የምጨምረው ሚዛኑን ነው። ከባድ መኪና የሚቆምበት ብዙ ነዳጅ ማደያ ካት ስኬል የሚባል ሚዛን አለ፣ ለትንሽ መኪናም ይመዝናል፣ 15 ዶላር አካባቢ ነው። ቤተሰቡን፣ ውኃውን፣ ዕቃውን ሁሉ ጭነህ ሂድ። የፊት ጎማ አንደኛው ሰሌዳ ላይ፣ የኋላው ሁለተኛው ላይ፣ ካምፐሩ ሦስተኛው ላይ። ከዚያ ካምፐሩን ፓርኪንግ ላይ ፈተህ መኪናዋን ብቻዋን ድጋሚ መዝናት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከተመለስክ ሁለተኛው ርካሽ ነው። መኪናዋ ታስራና ተፈታ ያላት ልዩነት ጋንቾው ላይ ያረፈው ክብደት ነው። ኋላችሁ የሚጠብቅ የከባድ መኪና ሾፌር ካለ ቶሎ በሉ እንጂ፣ እኛ ሰዓት ይበላናል።

እና ለመጀመሪያው ጉዞ ግሌንውድን ተወው። በአይ 25 እስከ ዋልሰንበርግ ውረድ፣ ከዚያ በላ ቬታ ፓስ ወደ ሳንድ ዱንስ። እሱም 9,400 ጫማ ይደርሳል፣ ግን መንገዱ ከአይ 70 ይሻላል፣ ጠባዩንም ታየዋለህ። ጠዋት ውጣ፣ ከሰዓት በኋላ እዚያ ሜዳ ላይ ነፋስ ይነሳል። ከ65 ማይል አትለፍ፣ የብዙ ካምፐር ጎማ የተሠራው ለዚያ ፍጥነት ነው።

የአውሮራው አባት

ተባረኩ። የሲየናዋ በር ስቲከር 1,300 ይላል፣ የጣሪያ ሳጥኑን ትተነዋል። ለሻጩ የጎማውን ቁጥር ፎቶ ላክልኝ ብዬዋለሁ፣ ዝም ብሏል።

ሚሚ

ዝም ካለ 300 ዶላር ቀንስ 😂