ከመኪና ግርግር በፊት የመንገዱ ስም ማን ነበር?

ሰላም ለሁላችሁ። ሐረር ጀጎል ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ለልጆቼ የጀጎልን ጠባብ መንገዶች ስምና የስማቸውን ምክንያት በደብተር ላይ እየሠራሁ ነበር። አሁን አንዱ ላይ ተቸንክሬያለሁ።

የጀጎል ግንብ በሮች ብዙም አላስቸገሩኝም። ሁለት ሁለት ስም አላቸው እንጂ መልሱ ይገኛል፦ በአማርኛ ሸዋ በር የምንለው በሐረሪ አስመዲን በሪ ነው፤ ኤረር በር ደግሞ አርጎብ በሪ። ፈረስ መጋላም ግልጽ ነው፤ መጋላ ገበያ ነው፣ የፈረስ ገበያ ማለት ነው። ዛሬ ፈረሱ የለም፣ ባጃጁ ነው የሞላው።

ችግሬ መኪና ግርግር ነው። ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ግራና ቀኝ ልብስ ሰፊዎች የተደረደሩበት መንገድ። ስሙ ከስፌት መኪናው ድምፅ የመጣ ነው፤ እዚያ ላይ ክርክር የለኝም። ግን አስቡት። ግንቡ በአሚር ኑር ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው። የስፌት መኪና ግን ገና ትናንት የመጣ ዕቃ ነው። መንገዱ ያን ሁሉ ዘመን ያለ ስም አልኖረም።

ሦስት ሽማግሌዎች ጠየቅኩ። አንዱ በመስጊድ ስም ይጠራ ነበር አሉኝ፣ የትኛው እንደሆነ ግን ረሱት። ሁለተኛው «ድሮም መኪና ግርግር ነው» ብለው ተቆጡኝ። ሦስተኛው ሳቁብኝና ቡና አጠጡኝ። ሁለት የቱሪስት ካርታም አገላብጫለሁ፣ የዛሬውን ስም ብቻ ነው የያዙት።

ከአያት ከቅድመ አያት የሰማችሁ፣ ወይም በድሮ የቤት ውል ላይ ያያችሁ ካላችሁ፦ መኪና ግርግር የስፌት መኪና ከመግባቱ በፊት ምን ተብሎ ነበር የሚጠራው?