«ጥለት ባለቤት የለውም» ላለው የሬዲዮ እንግዳ

የሂርማታው፦ እሑድ ማታ ስለ እንግሊዛዊ-ናይጄሪያዊው ሠዓሊ ዪንካ ሾኒባሬ የተደረገውን የሬዲዮ ውይይት የሰማችሁ ካላችሁ እስቲ ፍረዱኝ። እንግዳው የእኛው ከተማ ሰው ነው። «ጥለት ባለቤት የለውም፤ ሠዓሊ ካየው ያነሣል፤ የጅማ ሰፌድ ሰፊዎችም ቢወሰድላቸው ሊኮሩ ይገባል» ብሎ አረፈው። እናቴ ወስፌ ይዛ አርጅታለች። በምኗ ትኩራ?

አዌቱ ማዶ፦ ከንግግሩ የጣመህን ብቻ አትቁረጥ። ሰውየው ምሳሌ አምጥቷል። ሾኒባሬ ለንደን ተወልዶ ሌጎስ ያደገ ነው፤ «የአፍሪካ ጨርቅ» የሚባለውን ከለንደኑ ብሪክስተን ገበያ ገዝቶ የቪክቶሪያ ዘመን ቀሚስና ካፖርት ያሰፋበታል፣ ራስ ለሌላቸው ምስሎችም ያለብሰዋል። ያ ጨርቅ ደግሞ መነሻው ባቲክ የሚባለው፣ በሰም ጥለት የሚወጣለት የኢንዶኔዥያዋ ደሴት የጃቫ ጨርቅ ነው። ሆላንዶች በፋብሪካ አስመስለው ሠሩት፤ ምዕራብ አፍሪካ ገዝቶ የራሱ አደረገው። እስቲ ባለቤቱን ንገረኝ!

የሂርማታው፦ ልንገርህ፤ ቭሊስኮ። እ.ኤ.አ. በ1846 የተቋቋመ የሆላንድ ፋብሪካ ነው። የጨርቁን ጠርዝ ገልብጠህ ብታይ ስሙን ከነዋስትናው አትሞበታል። ጃቫዎችን ማንም አልጠየቀም፤ ፋብሪካው ግን ስሙን አልረሳም። ለካ ጥለት ባለቤት የሚያጣው ሰፊዋ የእኔ እናት ስትሆን ነው!

የሥዕል መምህር፦ ሁለታችሁም ሾኒባሬን ያለ ቦታው እየጎተታችሁት ነው። እሱ የጨርቁን መነሻ አልደበቀም፤ ሥራው ሁሉ ስለዚያ መነሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ለንደን ትራፋልጋር አደባባይ ላይ በጠርሙስ ውስጥ ያቆመውን የኔልሰን መርከብ አምሳያ ተመልከቱ። 37ቱም ሸራዎች ከዚያው ጨርቅ የተሠሩ ናቸው። የእንግሊዝን የባሕር ኃይል ጀግና በቅኝ ግዛት ሸቀጥ አልብሶ በገዛ አደባባዩ ማቆም ድፍረት ይጠይቃል። የእኛው እንግዳ ይህን ሁሉ ዘሎ «ያነሣል» የምትለውን ብቻ ይዞ መጣ።

አዌቱ ማዶ፦ ስለዚህ ማንሣት ይፈቀዳል ማለት ነው። አመሰግናለሁ፣ መምህር።

የሥዕል መምህር፦ እንደዚያ አላልሁም።

ሸማኔው፦ ልጆቼ፣ ከሠዓሊ ጋር ጠብ የለኝም። ነጠላ ጫፍ ላይ ጥለት ስጥል ድሩን በጣቴ እየቆጠርሁ፣ ባለ ቀለሙን ማግ ጥቂት በጥቂት በእጄ እያስገባሁ ነው። አንድ ድር ከሳትሁ አበባው ይጣመማል፤ ፈትቼ እንደ ገና እጀምራለሁ። ሐሙስ ገበያ ስወጣ ያው አበባ በማሽን ታትሞ በጥቅል ተከምሮ ይሸጣል። ገልብጣችሁ እዩት፣ ጀርባው ነጭ ነው። ደንበኛ ግን ጀርባውን አያይም፣ ዋጋውን ነው የሚያየው። ስለ እሱ ተከራከሩልኝ።

አዌቱ ማዶ፦ ጋሼ፣ በድፍረት አይያዙብኝና፣ እርስዎስ ጥለቱን ከማን ወሰዱት?

ሸማኔው፦ ከአባቴ። እስክጎረምስ ድረስ ክር ሳጠነጥንለት ነው የኖርሁት፤ ከዚህ በላይ ክፍያ ካለ አሳየኝ።

ሕግ አጥኚው፦ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለአንድ ሥራ የሚሰጠው ጥበቃ ሠሪው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። የጋሼ አበባ ሠሪ ማን ነበር? መቼ ሞተ? 50ው ከየት ይቆጠር?

የሂርማታው፦ ስለዚህ እናቴ ከሳሽ ለመሆን መጀመሪያ መሞት አለባት?

ቡና ነጋዴ፦ ሕግ ፈላጊ ካለ መንገዱ አለ። መንግሥት ሲዳሞን፣ ሐረርንና ይርጋ ጨፌን በውጭ አገር የንግድ ምልክት አድርጎ ሲያስመዘግብ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ተሟግቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ተስማምቷል። ጅማ ግን በቡና ስሟ ገንኖ እያለ ከሦስቱ አንዷ አልሆነችም። ለቡናችን ያልቆመ ለሰፌድ ይቆማል?

የሥዕል መምህር፦ ቡናውን ተውልን እንጂ!

ቡና ነጋዴ፦ ጅማ ተቀምጠን ቡና ተውልን? ጉድ ነው።

የሐረሯ፦ ከመጀመሪያው ሳነብ ነበር። የሂርማታው፣ ባለፈው ሳምንት የለጠፍኸው የእናትህ ሰፌድ ላይ ያለው ባለ ቀይ አለላ ጥለት እኮ የሐረር ነው። አያቴ ቤት ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አድጌበታለሁ።

አዌቱ ማዶ፦ ባለቤት መጣልህ!

የሂርማታው፦ የሐረሯ እኅቴ፣ አያትሽን አከብራለሁ፤ ነገር ግን የእናቴን ሰፌድ በደንብ ተመልክተሽ ተናገሪ። ቀዩ ከመሐል አይጀምርም። ሐረር እንደዚያ ትሰፋለች?

የሐረሯ፦ ፎቶውን ከቅርብ አንሥተህ መልሰህ ለጥፈው፣ ከዚያ እንነጋገራለን።