አስቸኳይ! የሐይቁ ጥቁር ወፍ ላባው ርሶ መብረር አቅቶታል

የጥቁር ውሃ ልጅ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ! ዛሬ ጠዋት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል አሳ ልገዛ ሄጄ ድንጋይ ሥር የተሸጎጠ ጥቁር ወፍ አገኘሁ። ያ እየጠለቀ አሳ የሚይዘው፣ አንገተ ረጅሙ። ክንፉ ርሶ ተንጠልጥሏል። ሊነሳ ይሞክርና ይወድቃል። በነጠላዬ ጠቅልዬ ቤት አመጣሁት። በፀጉር ማድረቂያ ላድርቀው? ወይስ ውሃ እንዳያስገባ ላባውን ቅባት ልቀባው? ልጆቹ አጠገቡ ቁጭ ብለው እያለቀሱ ነው።

ጋሽ ጀልባ፦ እህቴ፣ ኮርሞራንት ነው የያዝሽው። የእሱ ላባ እንደ ዳክዬ አይደለም። የላባው ጫፍ ውሃ ያስገባል፣ ወደ ሥጋው የቀረበው ደረቅ ይቀራል። ጫፉ ሲርስ በላባው መሃል ያለው አየር ስለሚቀንስ ለመጥለቅ ይቀለዋል። አሳውን ከበላ በኋላ ጉቶ ላይ ወጥቶ ክንፉን ዘርግቶ የሚቆመው የራሰውን ላባ ለማድረቅ ነው። ፍቅር ሐይቅ ዳር ስንቴ አይተሽዋል! ጤነኛ ወፍ ነው ያነሳሽው፣ መልሺው።

ሚሚ ታቦር፦ ለብ ባለ ውሃ በላርጎ እጠቢው።

የጥቁር ውሃ ልጅ፦ ጋሼ፣ ጤነኛ ቢሆን እጄ ላይ ዝም ይል ነበር? ሳነሳው እንኳን አልሸሸኝም።

አምባዛ ወዳጅ፦ ያ ትልቁ ወፍ አባ ኮዳ ሳይቀድምሽ ማንሳትሽ ደግ አደረግሽ። እሱ ቢያገኘው ቁርስ ያደርገው ነበር 😄

የከብት ሐኪም፦ ሽታው ምንድን ነው? ነጭ ሶፍት ሆዱ ላይ ጫን አድርጊና ንገሪን።

የጥቁር ውሃ ልጅ፦ ሶፍቱ ጠቆረ! የጀልባ ሞተር ዘይት ነው የሚሸተው። የደረቱ ላባ ተጣብቆ ቆዳው ይታያል። ስለሚናከስ ደግሞ አፉን በላስቲክ አስሬዋለሁ።

የከብት ሐኪም፦ ላስቲኩን አሁኑኑ ፍቺ! የኮርሞራንት አፍንጫ ከውጭ ድፍን ነው፣ የሚተነፍሰው በአፉ ነው። ጭንቅላቱን ከኋላ በፎጣ ያዢ፣ ፊትሽን አርቂ። ዓይን ነው የሚወጋው።

ሚሚ ታቦር፦ ላርጎ አልኩ እኮ።

ዳንዲ ልጅ፦ በላምባ ጥረጊው። እኔ እጄን ግራሶ ሲነካው በእሱ ነው የማስለቅቀው።

የከብት ሐኪም፦ ላምባ በፍጹም! ቆዳውን ያቃጥለዋል። ቅባትም አትቀቢው፣ ጅራቱ ሥር የራሱ የቅባት ዕጢ አለው። አንዱን ላባ በጣትሽ ለየት አድርገሽ መልሰሽ ብታሺው እንደ ዚፕ ይገጥማል። በዓይን የማይታዩ መንጠቆዎች ናቸው የሚያያይዙት። ዘይት ሲገባ ዚፑ አይዘጋም፣ ውሃው ቆዳው ድረስ ይዘልቃል፣ ወፉ ይበርደዋል። ላባውን በአፉ ሲያጸዳ ደግሞ ዘይቱን ይውጠዋል።

ሚሚ ልክ ናት፣ ግን ዛሬ አትጠቢው። የደከመ ወፍ እጥበት አይችልም። ቀዳዳ ያለው ካርቶን ውስጥ፣ ጨለም ባለ ቦታ አስቀምጪው። ሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልተሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ ከጎኑ አድርጊ። ዳቦ አትስጪው፣ ውሃም በአፉ አታንቆርቁሪ። ፀጉር ማድረቂያውን ተዪው። ነገ የእንስሳት ክሊኒክ ውሰጂው። እዚያ ካልተቻለ ለሁለት ሆናችሁ፣ 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውሃና በላርጎ እጠቡት፣ ዓይኑን ጠብቁ። ማለቅለቁ ከማጠቡ ይረዝማል። የውሃ ጠብታ ላባው ላይ ሳይሰርግ ተንከባሎ ሲወርድ ያኔ ሳሙናው ለቅቋል ማለት ነው።

የጥቁር ውሃ ልጅ፦ ፈታሁት! አፉን ከፍቶ ቶሎ ቶሎ ተነፈሰ፣ አንገቱ ሥር ያለው ቆዳ እየተርገበገበ ነው። ልጆቹን አስወጣኋቸው። ካርቶን ልፈልግ።

ጋሽ ጀልባ፦ እህቴ ይቅርታ፣ ዘይት መንካቱን ሳላውቅ ነው ጤነኛ ያልኩት። ከታጠበም በኋላ ቶሎ ሐይቅ አትልቀቂው። በሰፊ ሳፋ አንሳፍፊው፣ የሆዱ ላባ ውስጡ ድረስ ከራሰ ገና ነው። እኔ ጠዋት ወደብ ወርጄ ዘይት የሚያፈሰው የማን ሞተር እንደሆነ አያለሁ።

ሚሚ ታቦር፦ እንዴት አደረ?

አምባዛ ወዳጅ፦ እህት፣ ምነው ጠፋሽ? ክሊኒክ ወሰድሽው?