ግቢዬ ሲሚንቶ ነው፣ ለሰደቃ ነይቼ (በልቤ አስቤ) ጎመን መትከል እችላለሁ?

ተከራይዋ (ደሴ)

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነው የምንኖረው። ጓሮ የሚባል ነገር የለንም። ግቢው ሲሚንቶ ነው፣ ከአጥሩ ሥር ብቻ ጠባብ አፈር አለች፣ እሷንም የአከራያችን ዶሮዎች ሲጭሯት ይውላሉ።

ጎመንና ቆስጣ በየቀኑ መግዛት ሰልችቶኛል፣ ግን ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። በቅርቡ ዳዕዋ ላይ ኡስታዙ ሰው ከተከለው ነገር ወፍ እንኳ ብትበላ ሰደቃ ሆኖ ይጻፍለታል ሲሉ ሰማሁ፣ ከዚያ ወዲህ ከጭንቅላቴ አልወጣም። አውጥቼ የምሰጠው ብር የለኝም። ጉልበትና ጊዜ ግን አለኝ።

ከ500 ብር ባልበለጠ ምን ልጀምር? ጥቅምት ሆኗል፣ ብርዱ እየመጣ ነው። ደግሞ እውነቱን ለመናገር አብዛኛውን የምንበላው እኛው ነን፣ እንዲህ ከሆነ ሰደቃ ነው ማለት ይቻላል? አከራያችን ክርስቲያን ናቸው፣ ጥሩ ሰው ናቸው፣ እንዴት ብዬ እንደማስረዳቸውም ጨንቆኛል።

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

አብሽሪ እህቴ! ቲማቲምና ቃሪያ ትከይ። እኛ ቤት በተቆረጠ ጄሪካን ተክለን ቃሪያ ከገዛን ቆየን። ፀሐይ የሚመታው ቦታ አስቀምጪው፣ ሥሩን ብሺ፣ አለቀ። ዘሩን ከበሰለ ቲማቲም አውጥተሽ አድርቂው፣ ሳንቲም አታወጪም።

የጦሳ እናት

ልጄ፣ የኮምቦልቻውን ሰው ለቲማቲም አትስሚው፣ ለራሱ አገር ትክክል ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች። ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው የሚያራርቀን ግን በታኅሣሥ እሱ በሸሚዝ ሲሄድ እኛ ጋቢ ደርበን ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፣ ቲማቲም ደግሞ ውርጭ አይችልም፣ አንድ ሌሊት ይበቃዋል።

አንቺ የሀበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ነጭ ሽንኩርት ያዢ። ካሮትና ቀይ ሥርም ብርድ ይችላሉ። ነጭ ሽንኩርት ዘር መግዛት አያስፈልግሽም፣ ከወጥ ቤትሽ ወፈር ወፈር ያለውን ፈልቅቀሽ ሹሉን ወደ ላይ አድርገሽ ትከይው። ቆስጣን ከሥሩ እንዳትነቅይው፣ የውጭ የውጩን ቅጠል ብቻ ቀንጥሺ፣ መሀሉ እያበቀለ ለወራት ያበላሻል። ጎመንም እንደዚያው ነው።

ዕቃ አትግዢ። የዱቄት ማዳበሪያ (ባዶውን ማለቴ ነው) አፉን ወደ ውጭ አጥፈሽ እስከ ግማሽ ሙይው፣ ወይ የቀለም ባልዲ በደንብ አጥበሽ ሥሩን ብሺ። የፀረ ተባይ ዕቃ ግን እንዳትነኪ፣ ምንም ቢታጠብ። አፈሩን ሁለት እጅ፣ የበሰበሰ ፍግ አንድ እጅ አድርገሽ ቀላቅዪ። ትኩስ ፍግ ያቃጥለዋል፣ ለጤናም ጥሩ አይደለም፣ ወራት ያደረ ይሁን። የዶሮ ከሆነማ የበለጠ ኃይለኛ ነው። ዕቃዎቹን ፀሐይ ሲሞቀው ከሚውለው ግድግዳ ጥግ ደርድሪ፣ ማታ ማታ ግድግዳው ሙቀት ይሰጣቸዋል። ውርጭ የመሰለሽ ቀን አሮጌ አንሶላ አልብሰሻቸው እደሪ፣ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ግለጪ። ዶሮዎቹን በተመለከተ አጥር ነው መፍትሔው፣ ምክር አይሰሙም።

ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጡ ጥቃቅን ተባዮች) ከወጣበት ለብ ባለ የሳሙና ውሃ የቅጠሉን ጀርባ እጠቢው፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ አለቅልቂው። መድኃኒት መግዛት አያስፈልግም።

የመድረሳ መምህር

ወዓለይኩም አሰላም እህቴ። ኡስታዙ የጠቀሱት ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ነው። ሙስሊም ተክል ተክሎ ወይም ዘር ዘርቶ ወፍ፣ ሰው ወይም እንስሳ ከበላለት ሰደቃ ይሆንለታል ነው የሚለው። በሙስሊም ዘገባ ላይ ደግሞ ከተክሉ የተሰረቀውም ሰደቃ ነው የሚል አለ። ስለዚህ የጎረቤት ልጆች ካሮትሽን ነቅለው ቢሮጡ አትሩጪ።

እኛው ነን የምንበላው ላልሽው፣ ሰው ምንዳውን ከአላህ አስቦ ለቤተሰቡ የሚያወጣው ራሱ ሰደቃ እንደሆነ በሐዲስ መጥቷል። ቤትሽን መመገብሽ ኒያሽን (የልብሽን ሐሳብ) አያጎድለውም።

እኔ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ቤቱ ኪራይ ነው፣ አፈሩ የሰው ነው፣ መጀመሪያ ፈቃድ። ሁለተኛ ውሃው። በአንድ ቆጣሪ እየተጠቀማችሁ ቢሉን እኩል የምትካፈሉ ከሆነ አንቺ ጠዋት ማታ ጎመን ስታጠጪ ጎረቤትሽ ያላጠጣችውን ትከፍላለች ማለት ነው። እሱ የሰው ሐቅ፣ የሌላ ሰው መብት ነው። በሰው ሐቅ የበቀለ ጎመን ለሰደቃ ማቅረብ ያስፈራል። ስለዚህ የዉዱእ (ከሰላት በፊት የምትታጠቡበትን) ውሃችሁን አጠራቅሚ። ሳፋ ላይ ዉዱእ አድርጉና ወደ ባልዲ ገልብጡት። አምስት ሰላት ነው፣ አራት ሰው ያለበት ቤት በቀን ስንት ውሃ እንደሚፈስ አስቢው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ፣ ሁለት እፍኝ በሚሞላ ውሃ፣ ዉዱእ ያደርጉ ነበር፣ እኛ ቧንቧ ከፍተን ነው የምናወራው። እሱን ለቆስጣ ብታደርጊው ከማንም ጋር አትነካኪም።

መድኃኔዓለም ሰፈር

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ከመምህሩ ጋር ነኝ። ለአከራይሽ ምንም ማስረጃ አያስፈልግሽም። «እትዬ፣ ጎመን ልተክል ነው፣ ከእሱ ለጾም ወጥ ይሆንዎታል» በያቸው፣ ረቡዕና አርብ በየሳምንቱ አለ፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ 55 ቀን ነው። ጎመን ያላት ተከራይ ማን ይጠላል!

እኛም ዘንድ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ዘፍጥረት 2፥15 ላይ አዳም በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትና ሊጠብቃት ነው። ዘሌዋውያን 19 ላይም ስታጭዱ የእርሻችሁን ዳር ለድሃና ለመጻተኛ ተዉ ይላል። እኔ ግቢያችን ውስጥ ይህን በትንሹ አደርገዋለሁ፣ ከበሩ አጠገብ ያለው ባልዲ የማንም ነው፣ የፈለገ ይቀነጥሳል፣ አልጠይቅም።

ጦርነቱ በ2014 ከተማ ሲገባ ገበያ ሲዘጋ እኛ ሰፈር ጎመን የነበራቸው ቤቶች ናቸው ግቢውን የያዙት። ስለዚህ ይህ ለኔ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም።

አትክልት ያጠብሽበትን ውሃም አትድፊ። የኦሞ ውሃ ግን አታፍሺበት።

ቀጥታ ልናገር

ይቅርታ አድርጉልኝ ግን ለአምስት ባልዲ ጎመን ይህን ያህል ሐዲስና ጥቅስ ምን ያደርጋል? ይተከል፣ ይበላ፣ በቃ። ደግሞ አምስት ባልዲ ሰፈር አይመግብም፣ ግማሹ ሰው በስሜት ይጀምርና ብርዱ ሲጠነክር ባልዲውን ለልብስ ማጠቢያ ይመልሰዋል።

የጦሳ እናት

ሰፈር ይመግባል ያለ ሰው አላየሁም። የሚተወው ሰው መብዛቱ ግን እውነት ነው፣ ለዚህ ነው ሁለት ዕቃ ብቻ ይበቃል የምለው ለመጀመሪያው። እነሱ ከያዙ ሦስተኛውን ጨምሪ። አሥር ባልዲ በአንድ ቀን የደረደረ ሰው ነው ቶሎ የሚሰለቸው።

የመድረሳ መምህር

ወንድሜ፣ ኒያው የሚያስፈልገው እኮ አንተ ባልከው ምክንያት ነው። ብርዱ ሲጠነክር ተነስቶ አንሶላ ለማልበስ ሰው ምክንያት ይፈልጋል። ስለ ማነሱ ከሆነ ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለአቡ ዘር መረቅ ስትሠራ ውሃውን አብዛና ጎረቤቶችህን አስባቸው ነው ያሉት። ሥጋውን አብዛ አላሉም።

ተከራይዋ (ደሴ)

አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁም። የቢሉ ነገር ጨርሶ አልታየኝም ነበር፣ ዛሬ ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን የዉዱእ ሳፋ አዘጋጅተናል። ልጆቹ ማን ባልዲውን ቶሎ እንደሚሞላ መወዳደር ስለጀመሩ መምህር ስለ ሙዱ ያሉትን አንብቤላቸዋለሁ።

አከራያችንንም አናገርኳቸው። ዶሮዎቹን እሳቸው እንደሚያጥሩ ነገሩኝ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፣ ለቡና የሚሆን ጤና አዳም በአንዱ ባልዲ እንድተክልላቸው። ጤና አዳም የእኛን ውርጭ ይችላል? ዘሩስ የት ይገኛል?

የጦሳ እናት

ይችላል፣ እሱ ደገኛ ነው። ዘር አትፈልጊ፣ ካለው ሰው እንጨት እንጨት ያለውን ቅርንጫፍ ለምነሽ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፈሽ እርጥብ አፈር ውስጥ ሰክተሽ ጥላ ቦታ አቆዪው። አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ወደ ፀሐይ አውጪው። ውሃ ግን አታብዢበት፣ ሥሩ ይበሰብሳል። የዉዱእ ውሃሽን ለቆስጣው አድርጊው።

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

ቲማቲም ከፈለግሽ እኛ ጋ ነይ፣ በቆስጣ እንለዋወጣለን።