ለ11ኛ ክፍል የሒሳብ ክበብ ምን ትጠቁሙኛላችሁ?

ጥያቄ፦ የሒሳብ ክበብ አስተባባሪ ነኝ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ የመጽሐፉን ጥያቄዎች ጨርሰው «ይህ ለምን ሥራ ይጠቅመናል?» እያሉ መውጫ መግቢያ አሳጥተውኛል። ከሙያ ጋር የተያያዘ፣ የማይሰለች ነገር ጠቁሙኝ። ኮምፒውተሮች አሉን፤ ኢንተርኔቱ ግን ሲሻው ይመጣል፣ ሲሻው ይጠፋል።

መልስ፦ መምህር፣ ኢንተርኔቱ እንዲህ ከሆነ ጂኦጀብራ የሚባለውን የግራፍና የጂኦሜትሪ ሶፍትዌር ያስጭኑ። ነፃ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ለግራፍ ብቻ ከሆነ ዴስሞስ የሚባለው ግራፍ መሳያ ይቀልላል፣ ለዓይንም ያምራል። ፕሮግራም መጻፍ ለሚወዱ ፕሮጀክት ኦይለር የሚባል የሒሳብ ጥያቄዎች ድረ ገጽ አለላቸው፤ ከ1000 በታች ያሉትን የ3 ወይም የ5 ብዜቶች በመደመር ይጀምርና እየቆየ አዋቂውንም ያስለፋል።

የእኔን ልጆች ያስፈነደቃቸው ግን አንድ እንጨት ነው። መጋቢት 11፣ ቀንና ሌሊቱ እኩል ሲሆን፣ የ1 ሜትር እንጨት ቀጥ አድርገን ተከልን። የቀትር ጥላው አዲስ አበባ ላይ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆነ፤ ሐዋሳ ያሉ ተማሪዎች የለኩት ደግሞ 12 ተኩል ገደማ። በታንጀንት ወደ አንግል ሲመለስ ልዩነቱ 2 ዲግሪ ያህል ነው። ከዚያ የምድርን ዙሪያ ማስላት ነው፦ 2 ዲግሪው የሁለቱ ከተሞች ርቀት ከሆነ 360 ዲግሪው ስንት ይሆናል? ልጆቹ የመኪናውን መንገድ፣ 275 ኪሎ ሜትር፣ ወስደው ምድርን 50 ሺህ ኪሎ ሜትር አደረሷት! ካርታ ላይ በማስመሪያ ሲለኩ ቀጥታው 220 ገደማ ሆነ፤ ምድርም ወደ 40 ሺህዋ ተመለሰች። የቀያሽ ሥራ ምን እንደሆነ ያን ቀን ገባቸው። ጥላው የሚያጥረው ግን በ6 ሰዓት ሳይሆን በ6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ቶሎ ለክተው እንዳይገቡ።

ሌላ መልስ፦ ጥላው ደስ ይላል፤ ነገር ግን መጋቢትን መጠበቅ አለ፣ ደመናም አለ። የባንክ ሠራተኛ ነኝና የብድር ሠንጠረዥ በኤክሴል ያሠሯቸው እላለሁ። 1 ሚሊዮን ብር በ15 በመቶ ዓመታዊ ወለድ ለ20 ዓመት ቢበደሩ ወርኃዊው ክፍያ 13,168 ብር ነው። ከመጀመሪያው ክፍያ 12,500ው ለወለድ ይሄዳል፤ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 668 ብር ብቻ። ታናሽ እህቴ ይህን ስታይ የተጠራጠረችው ካልኩሌተሩን ነው። ቀመሩን አይስጧቸው፤ ከጂኦሜትሪክ ሲሪስ (በአንድ ቋሚ ቁጥር እየተባዙ ከሚሄዱ ቁጥሮች ድምር) ራሳቸው ያውጡት።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በዚህ ሳምንት በብድሩ እጀምራለሁ። ሐዋሳ የሚያስተምር ወዳጅ አለኝ፤ ለመጋቢት እንጨት እንዲያዘጋጅ ዛሬውኑ እደውልለታለሁ።