እናቴ ድዷ ይደማል፣ ስኳሯም አልወርድ አለ

ሰላም ጎበዞች። እናቴ እኔ ጋ ከመጣች ጥቂት ወር ሆናት። ስኳር አለባት። መድኃኒቷን ሳታዛንፍ ትወስዳለች፤ ግን የሦስት ወሩ የስኳር ምርመራ (HbA1c) ላይ ቁጥሩ ፈቀቅ አላለም። ጥርሷን ስትቦርሽ ደግሞ ድዷ ይደማል። የጥርስ ኢንሹራንሱ ለብቻው ስለሆነ ገና አላስገባኋትም። ድዱ ትንሽ ቢቆይ ችግር አለው?

መልስ፦ አይቆይ እህቴ። እኔም ስኳር አለብኝ። ድዴ ሲደማ «ብሩሹ ጠንካራ ሆኖ ነው» እያልኩ ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ። ስኳሬን የሚያየው ሐኪም ስለ አፌ አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም፣ እኔም አልነገርኩትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስኳር ከፍ ሲል ሰውነት ጀርም የመከላከል አቅሙ ይዳከማል፣ ቁስል ቶሎ አይድንም፣ አፍ ይደርቃል፤ ለድድ ጀርም ሠርግና ምላሽ ነው። የተቆጣው ድድ ደግሞ በተራው ስኳሩን ያስቸግራል፤ ከቁጣው የሚመነጩት ኬሚካሎች ደም ውስጥ ገብተው ኢንሱሊን ሥራውን በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋሉ። የእናትሽ ቁጥር ያልወረደው በዚህ ብቻ ነው አልልም፤ ግን አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ኮክሬን የሚባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ግምገማ 35 ጥናቶችን አይቷል። የድድ ሕክምና ያገኙት ሰዎች የሦስት ወር ስኳር ካላገኙት ጋር ሲነጻጸር ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ በአማካይ በ0.43 ነጥብ፣ በዓመቱ ደግሞ በ0.50 ወርዷል። 8 የነበረው 7.6 አካባቢ ሆነ እንደማለት ነው። ተአምር አይደለም፣ መድኃኒትም አያስተውም። ግን ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ምንም ለውጥ አላገኘም ነበር፤ የተቹት ሰዎች ግን ታካሚዎቹ ከሕክምናው በኋላም ድዳቸው በቅጡ አልጸዳም ነበር ነው ያሉት። እኔን ያሳመነኝ ይሄ ነው፤ ላይ ላዩን ጥርስ ማሳጠብ ብቻውን አይበቃም ማለት ነዋ። ድዱ ከጥርሱ ከተላቀቀ፣ ሥሩ ላይ የተጋገረው ቆሻሻ በማደንዘዣ ከድዱ በታች ይጠረጋል። አያምም፣ ደንዝዞ ነው።

ስትሄዱ የመጨረሻውን የሦስት ወር ውጤት ይዛችሁ ሂዱ፤ ሁለቱ ሐኪሞች አይገናኙም፣ አገናኟቸው አንቺ ነሽ። እናትሽ ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ በባዶ ሆዳቸው እንዳይሄዱ፣ ስኳሩ ሊወርድባቸው ይችላል። ለውጡን በሳምንት አትጠብቂ። ምርመራው የሚያሳየው ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት ነው። ኢንሹራንሱንም ጠይቂ፣ አንዳንዶቹ ስኳር ላለበት ሰው ተጨማሪ እጥበት ይሸፍናሉ።

ሌላ ጥያቄ፦ እኔም ስኳር አለብኝ፤ ድዴ ግን ደምቶ አያውቅም። አርፌ ልቀመጥ?

መልስ፦ ታጨሳለህ እንዴ ወንድሜ?

አዎ።

እንግዲያውስ አትመነው። ሲጋራ የድድን ደም ሥር ስለሚያጠብ መድማቱን ይደብቀዋል፤ ስሩ እየተበላ ላዩ ደህና ይመስላል። የጥርስ ሐኪሙ በድድህና በጥርስህ መካከል ያለው ክፍተት ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ በመለኪያ ይይልህ።